የአጭር ሞገድ ዲጂታል ምልክቶች ልየታ

ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ባለው የአጭር ሞገድ ክልል የሚሰሙና ላኪያቸው ያልታወቀ ዲጂታል ምልክቶችን እየለኩ ዓይነታቸውንና ምንጫቸውን የመለየት ሥራ ነው። ለጆሮ ጭርጭርታ ብቻ ናቸው፤ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ግን ፍሪኩዌንሲው በአግድም ተዘርግቶ፣ ጊዜው ከላይ ወደ ታች እየፈሰሰ ይታያል።

የሥራው ልብ በትዕግሥት መለካት ነው። ሁለት ጎን ለጎን የሚወርዱ መስመሮች ታዩ እንበል። በመካከላቸው 170 ኸርዝ ካለና አንዱ ምት 22 ሚሊሰከንድ ከቆየ ፍጥነቱ 45.45 ባውድ (ምት በሰከንድ) ነው፤ ይህ አማተር የራዲዮ ባለሙያዎች የሚጻጻፉበት ቴሌታይፕ ነው። ክፍተቱ 450 ኸርዝ፣ ፍጥነቱ 50 ባውድ ሲሆን ደግሞ የጀርመን ሜትሮሎጂ አገልግሎት ለመርከቦች የሚልከው የአየር ጠባይ ዘገባ መሆኑ ይጠረጠራል።

ዓይነቱን ማወቅ ግን መልእክቱን ማንበብ አይደለም፤ ጀማሪዎች ይህን መለየት አለባቸው። ለምሳሌ ስታናግ 4285 የተባለው የኔቶ የመላኪያ ደረጃ በ1800 ኸርዝ ተሸካሚ ሞገድ በሰከንድ 2400 ምቶች ይልካል። አሠራሩ በይፋ ይታወቃል፤ ይዘቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተመሰጠረ ነው።

ምንጩን ለመፈለግ ምልክቱ ተራርቀው ወደተተከሉ ተቀባዮች የደረሰበት ሰዓት ይነጻጸራል። የ1 ሚሊሰከንድ ልዩነት 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ሞገዱ አዮኖስፌር ከሚባለው የላይኛው ከባቢ አየር ክፍል እየነጠረ ስለሚመጣ የሚገኘው ውጤት ሰፋ ያለ አካባቢን እንጂ አንድን ቦታ ለይቶ አያሳይም።