የሕዝብ የሆነው ዱርና የቀዛፊው ማደሪያ



የሁሉ የሆነ ነገር ጠባቂ ያጣ እንደ ሆነ የማንም ሳይሆን ይጠፋል፤ ጠባቂው እጅግ የበረታበት እንደ ሆነም ሕዝቡ ለገዛ ንብረቱ ባዕድ ይሆናል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ለመረዳት፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት፣ በካናዳ ወሰን አጠገብ የሚገኘውን፣ «ባውንደሪ ወተርስ» ማለት የወሰን ውሃዎች የተባለውን የታንኳ አገር ታሪክ በአጭሩ እንመለከታለን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የዚህ ዱር ስፋት ከ1,000,000 ኤክር ይበልጣል፤ በቀድሞው የጋሻ ልክ ቢሰፈር ከ10,000 ጋሻ በላይ መሆኑ ነው። በውስጡም ከ1,000 የሚበልጡ ሐይቆች ይገኛሉ። መንገደኛው አንዱን ሐይቅ ቀዝፎ ከጨረሰ በኋላ ታንኳውን በትከሻው ተሸክሞ፣ ደኑን በምታቋርጥ ቀጭን መንገድ ወደሚቀጥለው ሐይቅ ይሻገራል። ይህን የጉዞ ስልት ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት የአገሩ ተወላጆች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም የኦጂብዌ ሕዝብ ከዛፍ ቅርፊት በሚሠራው ቀላል ታንኳ የታወቀ ነው። የኦጂብዌ አለቆች በ1854 ዓ.ም. በላ ፓይንት በተፈረመው ውል መሬቱን ለአሜሪካ መንግሥት ሲለቁ፣ በለቀቁት መሬት የማደንና ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን አስቀርተዋል። እንግዲህ ዛሬ የሕዝብ መሬት የሚባለው አስቀድሞ የሌላ ሕዝብ ቤት እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም።

ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ዓ.ም. የሱፒሪየርን ብሔራዊ ደን አቋቋሙ። ነገር ግን መከለል ብቻውን ጥበቃ አልሆነም። በ1920ዎቹ ዓመታት ኤድዋርድ ባከስ የተባሉ የእንጨትና የወረቀት ፋብሪካ ባለጸጋ በወሰኑ ሐይቆች ላይ ግድቦች ሠርተው ውሃውን ከፍ ለማድረግ ዐሰቡ። ይህ ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ብዙ ዳርቻዎችና ፏፏቴዎች በተዋጡ ነበር። ኧርነስት ኦበርሆልትዘርና ባልደረቦቻቸው ይህን ዐሳብ አጥብቀው ተቃወሙ፤ በ1930 ዓ.ም. የወጣው የሺፕስቴድና የኖላን ሕግም ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ የውሃውን ከፍታ መለወጥን፣ በመንግሥት መሬትም ከዳርቻው እስከ 400 ጫማ ድረስ ዛፍ መቍረጥን ከለከለ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በውሃ ላይ የሚያርፉ አይሮፕላኖች ዓሣ አጥማጆችን ወደ ሩቆቹ ሐይቆች ያመላልሱ ጀመር፤ ብዙ ቀን ቀዝፎ የደረሰውን ሰው የሞተር ጩኸት ይቀበለው ነበር። ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1949 ዓ.ም. ባወጡት ትእዛዝ አይሮፕላን በዚያ ሰማይ ዝቅ ብሎ እንዳይበር ታገደ። የ1964 ዓ.ም. የዱር ሕግ ጥበቃውን አጸናው፤ የ1978 ዓ.ም. ሕግም ዛፍ መቍረጥን ፈጽሞ አስቀርቶ፣ ሞተርን በጥቂት ሐይቆች ላይ ብቻ ወሰነው።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። መንግሥት በዱሩ ውስጥ የነበሩትን የእንግዳ ማረፊያዎችና ጎጆዎች እየገዛ አስነሣ፤ በአቅራቢያው ከሚኖሩትም ብዙዎቹ ያደጉበት ዱር እንደ ተዘጋባቸው ቈጥረው አዘኑ። ዶረቲ ሞልተር የተባሉት ነርስ ግን በናይፍ ሐይቅ ላይ በምትገኘው ደሴታቸው ዕድሜ ልካቸውን እንዲኖሩ ተፈቀደላቸውና እስከ 1986 ዓ.ም. ድረስ ለሚያልፉት ቀዛፊዎች በእጃቸው የሠሩትን ለስላሳ መጠጥ ሲያቀርቡ ኖሩ። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ወደዚያ የሚገባው ሁሉ እንግዳ ሆነ።

መጋዙና ሞተሩ ከራቁ በኋላ ዱሩን የሚያሠጋው ወዳጁ ቀዛፊው ሆነ። እሳት የሚያነድደው፣ ቅርንጫፍ የሚሰብረው፣ ቆርቆሮና ጠርሙስ የሚጥለው እርሱ ነበርና። ስለዚህ ደንብ ተሠራ። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ወራት ለማደር የሚገቡት ቡድኖች ቍጥር በየመግቢያው በቀን የተወሰነ ነው። አንድ ቡድን ከ9 ሰውና ከ4 ታንኳ አይበልጥም። የሚታደረውም የእሳት ምድጃና መጸዳጃ በተበጀላቸው፣ ቍጥራቸው ወደ 2,000 በሚደርስ ስፍራዎች ነው። የመግቢያውን ፈቃድ አስቀድሞ ማስያዝ ቢቻልም፣ የማደሪያውን ስፍራ ግን ማንም «የእኔ ነው» ሊል አይችልም። ቀድሞ የደረሰ ያድርበታል፤ የዘገየው ሌላ እስኪያገኝ ይቀዝፋል።

ፈቃድ አጥቶ ከበር የተመለሰ ሰው መከፋቱ አይቀርም፤ የሕዝብ መሬት ከተባለ እኔ ስለ ምን እከለከላለሁ ቢልም ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በዳርቻው ላይ ይታያል። ሌሊቱን ያደረው ቀዛፊ ጧት ድንኳኑን ሲነቅል ፍሙን በውሃ አጥፍቶ፣ ያመጣውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል፤ ማታ የሚመጣው የማያውቀው ሰውም የዚያው ስፍራ ባለቤት ነውና።