ኮምፒውተር ሲነሣ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ቢጠይቅ ምን ይደረጋል?

የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ዊንዶውስን ከመክፈቱ በፊት ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ሲጠይቅ፣ ብዙዎች በቫይረስ የተጠቃ ይመስላቸዋል። ከተለመዱት ምክንያቶች አንዱ ግን ሴኪዩር ቡት የተሰኘው የደኅንነት ቅንብር መቀየሩ ነው።

ሴኪዩር ቡት ኮምፒውተሩ ሲነሣ የታመነ ዲጂታል ፊርማ የሌለው ፕሮግራም እንዳይጀምር ይከለክላል። ቢትሎከር ደግሞ ዲስኩን ይመሰጥራል፤ መክፈቻውንም ቲፒኤም የተባለ ቺፕ ይጠብቃል። ቅንብሩ ሲቀየር ቺፑ መክፈቻውን አይለቅም።

ስለዚህ በመጀመሪያ የተቀየረውን ቅንብር ወደ ነበረበት ይመልሱና ኮምፒውተሩን ዳግም ያስነሡ። አሁንም ቁልፍ ከጠየቀ፣ በገጹ ላይ የሚታየውን የቁልፍ መለያ ለመሥሪያ ቤትዎ የአይቲ ክፍል ያሳውቁ፤ ተዛማጁ ቁልፍ የሚፈለገው በዚሁ መለያ ነው። የተሳሳተ መለያ ያለው ቁልፍ አይሠራም።

ቅንብሩን መቀየር ግድ ሲሆን አስቀድመው ቁልፉ መቀመጡን ያረጋግጡ፤ ቢትሎከርንም ለጊዜው ያግዱ። ሥራው ሲጠናቀቅ እገዳውን ማንሣት አይዘንጉ።

ቁልፉን በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ማስቀመጥ ከንቱ ነው። ከጠፋ ማይክሮሶፍትም ቢሆን ሌላ ሊሠራለት አይችልም፤ መጠባበቂያ ቅጂ ከሌለ የዓመታት ሰነድ አብሮ ይጠፋል።