ገጹ ሳይነቃነቅ የሚወርደው ፋይል

ድረ ገጽ ላይ የዋጋ ሰንጠረዥ እያያችሁ ነው እንበል። «በኤክሴል አውርድ» የሚለውን ስትጫኑ ፋይሉ ይወርዳል፤ ገጹ ግን እዚያው ነው፣ የጻፋችሁትም አልጠፋም። ቀላል ይመስላል አይደል? እዚህ ለመድረስ ግን ከ10 ዓመት በላይ ፈጅቷል።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንድ ገጽ ከሰርቨር አዲስ መረጃ ሲፈልግ ብዙውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ ይጫን ነበር። ለውጡን ያመጡት የኢሜይል ሰዎች ናቸው። የማይክሮሶፍቱ አውትሉክ በብራውዘር እንዲሠራ ይጥር የነበረው ቡድን፣ ገጹ ሳይታደስ ከሰርቨር ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ ፈጠረ። ይህም በ1999 ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ጋር ወጣ። በ2005 ጄሲ ጄምስ ጋሬት የተባለ ባለሙያ ለዚህ አሠራር «ኤጃክስ» የሚል ስም አወጣለት።

ታዲያ ፋይልም በዚሁ መንገድ አይወርድም? ብዙ ፕሮግራመሮች ሞክረውታል፤ አልሆነም። ፋይሉ ይመጣል፤ የሚደርሰው ግን ለጃቫስክሪፕት ነው። ጃቫስክሪፕት ደግሞ ዲስካችሁ ላይ በራሱ እንዲጽፍ አይፈቀድለትም። ለምን? የከፈታችሁት ገጽ ሁሉ ዲስካችሁ ላይ የፈለገውን መጻፍ ቢችል፣ ቫይረስ ለመትከልም ሆነ ፋይላችሁን ለማጥፋት አንድ ጉብኝት በቂ ይሆን ነበር። እንግዳን ሳሎን ታስተናግዱታላችሁ እንጂ የጓዳ ቁልፍ አትሰጡትም እኮ!

ፕሮግራመሮቹ ዘዴ ዘየዱ። ገጹ ውስጥ የማይታይ ትንሽ መስኮት ደብቀው የፋይሉን አድራሻ ለእሱ ሰጡት። ሰርቨሩም ፋይሉን ሲልክ «ይህ አባሪ ነው፤ አታሳየው፣ አስቀምጠው» የሚል መመሪያ አብሮ ይልካል። ይህ መመሪያ ራሱ በ1995 ለኢሜይል አባሪዎች የተዘጋጀ ነበር። ስለዚህ ፋይሉን የሚያስቀምጠው ብራውዘሩ ነው፤ ገጹም አይነካም። ችግሩ፣ ሰርቨሩ ስህተት ቢመልስ መልእክቱ የሚከፈተው በተደበቀው መስኮት ውስጥ ነው። ተጠቃሚው ምንም ሳያይ ይጠብቃል።

በ2011 ክሮም ሊንክ ላይ የሚጻፍ «ዳውንሎድ» የሚል ምልክት መቀበል ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። አሁን ጃቫስክሪፕት የሰንጠረዡን ቁጥሮች በኮማ ለያይቶ ሚሞሪ ውስጥ ፋይል ይሠራል፤ ከዚያ ለብራውዘሩ ያስረክባል። ቁጥሮቹ ገጹ ላይ ካሉ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይወርዳል።

ቁልፉ ግን ዛሬም ከብራውዘሩ እጅ አልወጣም። አንድ ገጽ ፋይል በላይ በላዩ ሊያወርድ ሲል ብራውዘራችሁ «ልፍቀድለት?» ብሎ ከጠየቃችሁ፣ ዝም ብላችሁ እሺ አትበሉ። የጓዳው በር እየተንኳኳ ነው።