በወረርሽኝ ወቅት የበዓል ዝማሬንና ጸሎትን በቴሌቪዥን ማስተላለፍ፦ የአገሪቱ ልምድ ከባሌ ደጋ አንጻር

ሕዝብ ተሰብስቦ የሚያከብረውን ሃይማኖታዊ በዓል በቴሌቪዥን በማስተላለፍ ምዕመናን በየቤታቸው እንዲከታተሉ ማድረግ፣ የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በተስፋፋበት ወቅት በኢትዮጵያም ሆነ በሌሎች አገሮች በሥራ ላይ የዋለ የጥንቃቄ ዘዴ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዘዴውን አጀማመርና አሠራር፣ ያስገኘውን ጠቀሜታና የታየበትን ውስንነት በየደረጃው ለሚገኙ የአስተዳደር፣ የጤናና የኮሙኒኬሽን ሠራተኞች ማስረዳት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ወረርሽኝ መሆኑን ያወጀው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የበሽታው ተጠቂ ከሁለት ቀን በኋላ መጋቢት 4 ቀን መገኘቱ ይታወሳል። ወቅቱ የዐቢይ ጾም በመሆኑና የረመዳን ጾምም በመቃረቡ፣ በመንግሥትና በሃይማኖት ተቋማት ፊት አስቸኳይ ውሳኔ የሚጠይቅ ጉዳይ ቀረበ። ሕዝቡ በጭንቅ ጊዜ ይበልጥ የሚሻውን የጋራ ጸሎት ሳያጣ ከመጨናነቅ እንዴት ይጠበቅ የሚለው ነበር።

ከተሰጡት ምላሾች አንዱ በኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ አስተባባሪነት ከመጋቢት 28 ቀን 2012 ዓ.ም ጀምሮ የተካሄደው የአንድ ወር ብሔራዊ የጸሎት መርሐ ግብር ነው። የየቤተ እምነቱ አባቶች ያቀረቡት ጸሎትና ትምህርት በቴሌቪዥን ተላልፏል። ከሁለት ቀን በኋላ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጀ ሲሆን፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ሚያዝያ 2 ቀን አጽድቆታል። አዋጅ ቁጥር 3/2012 በመባል የሚታወቀው ይህ ሕግ ለአምስት ወራት የጸና ሲሆን፣ በማስፈጸሚያ ደንቡ ሃይማኖታዊ ስብሰባዎች ጭምር ተገድበው ነበር።

በዚህም መሠረት ሚያዝያ 11 ቀን የዋለው የትንሣኤ በዓል በጥቂት ካህናት አገልግሎት ተከብሮ፣ ብዙ ምዕመናን ሥርዓቱን በቴሌቪዥን ተከታትለዋል። ሚያዝያ 16 ቀን የተጀመረው የረመዳን ወር የተራዊህ ሶላትም ሆነ ግንቦት 16 ቀን የተከበረው የኢድ አልፈጥር ሶላት በየቤቱ እንዲሰገድ ተደርጓል። ወረርሽኙ ከገባ በኋላ የመጀመሪያው የገና በዓል የተከበረው ታኅሣሥ 29 ቀን 2013 ዓ.ም ነው። በዚያን ጊዜ አዋጁ አብቅቶ መመሪያ ቁጥር 30/2013 የተተካ ሲሆን፣ መመሪያው ስብሰባን ፈጽሞ ከመከልከል ይልቅ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛንና ርቀትን መጠበቅን ግዴታ ያደረገ ነበር።

ዝማሬ የተለየ ጥንቃቄ የሚጠይቅበት ምክንያት አለው። ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲዘምር ከሳንባው የሚወጣው ረቂቅ ፍንጣቂ በለሆሳስ ከሚነጋገር ሰው እጅግ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በተካሄደ አንድ የመዘምራን ልምምድ ላይ ከተገኙት 61 ሰዎች መካከል 53ቱ በበሽታው መያዛቸው የተረጋገጠ ወይም የተገመተ ሲሆን፣ ሁለቱ ሕይወታቸው አልፏል። ሊቃውንት ጎን ለጎን ቆመው በከበሮና በጸናጽል ሌሊቱን ሙሉ የሚያቀርቡት ማኅሌትም በተዘጋ ቤት ውስጥ ረጅም ሰዓት የሚወስድ በመሆኑ ከዚህ ስጋት ውጭ አልነበረም።

በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ እርምጃ ተወስዷል። በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕዝብ ሻማ ይዞ የሚታደምበት የገና ዋዜማ የዝማሬ ዝግጅት በ2020 ያለ ታዳሚ ተቀርጾ በቴሌቪዥን ቀርቧል። በእንግሊዝ የካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ የገና ዋዜማ ዝማሬም በዚያው ዓመት ምዕመናን በሌሉበት አስቀድሞ ተቀርጾ በሬዲዮ ተሰምቷል።

ዘዴው ለሁሉም ሥርዓት እኩል እንደማይሠራ ግን መገንዘብ ያስፈልጋል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ስብከትና መዝሙር በቴሌቪዥን ሊደርስ ቢችልም ቅዱስ ቁርባን በአካል መገኘትን ይጠይቃል። በእስልምናም በብዙ ዑለማ ዘንድ ኢማምን በሥርጭት ተከትሎ በቤት መስገድ የጀመዓ ሶላትን አይተካም፤ ቴሌቪዥኑ የሚጠቅመው ለቁርአን ንባብና ለትምህርት ነው። ስለሆነም «በቴሌቪዥን ስለሚተላለፍ አትሰብሰቡ» የሚል መልእክት ከመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ሲነገር ሰሚ ላያገኝ ይችላል። ምን ሊተካ እንደሚችልና ምን እንደማይተካ መናገር የሃይማኖት አባቶች ድርሻ ነው።

ጉዳዩ እንደ ሪራ ባሉ የባሌ ደጋ መንደሮች ሲታይ ሌላ መልክ ይይዛል። ሪራ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከጎባ ተነስቶ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴ አምባ አቋርጦ ወደ ዶሎ መና በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኝ መንደር ናት። በእንዲህ ያለ መልክዓ ምድር ከምድር ማሰራጫ የሚላክ ሥርጭት በተራራ ሊከለል ይችላል። በሳተላይት የሚመጣው ደግሞ ሳህን፣ መቀበያና ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። በሮቤ ወይም በጎባ ከተማ ለሚኖር ቤተሰብ ቀላል የሆነው አማራጭ በደጋው ለሚኖር አርብቶ አደር ላይደርሰው ይችላል።

ከዚህም በላይ ቴሌቪዥን ባለው ቤት ጎረቤት ሁሉ መሰብሰቡ የተለመደ ነው። በደጋው ብርድ ምክንያት በሩና መስኮቱ የተዘጋ አንድ ክፍል ውስጥ ሃያ ሰዎች ተጠጋግተው ሥርጭቱን ቢከታተሉ፣ ሰው እንዳይሰበሰብ የታሰበው ዝግጅት ራሱ ለበሽታው መተላለፊያ ይሆናል። በዚህ ጊዜ አየር እንደልብ በሚዘዋወርበት ደጅ፣ ተራርቆ ጥቂት ሆኖ መጸለይ ከተጨናነቀ ክፍል የተሻለ መሆኑን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል።

ከተገኘው ልምድ በመነሳት ተመሳሳይ ሁኔታ ቢያጋጥም የሚከተሉትን ማሟላት ይመከራል፦

- ውሳኔው ከበዓሉ ሳምንታት አስቀድሞ ከየቤተ እምነቱ ጋር ተመክሮበት በአባቶች አንደበት እንዲነገር ማድረግ፤
- ዝማሬውን በተቻለ መጠን በአነስተኛ ቡድን፣ ከቤት ውጭ ወይም አየር በሚገባበት ስፍራ አስቀድሞ መቅረጽ፤ የቀረጻ ባለሙያዎችንም ቁጥር መወሰን፤
- ሥርጭቱን ከአማርኛ በተጨማሪ በአፋን ኦሮሞና በየአካባቢው ቋንቋ፣ መስማት ለተሳናቸውም በምልክት ቋንቋ ማቅረብ፤
- በባትሪ በሚሠራ ሬዲዮ ጭምር ማስተላለፍ፤
- የአየር ሰዓቱን ለየሃይማኖቱ በፍትሐዊነት ማደላደል፤
- ሥርጭቱ የማይደርስባቸውን ቀበሌዎች አስቀድሞ ለይቶ በአካል የሚሰጥ ምክርና የጥንቃቄ ቁሳቁስ ማዘጋጀት።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ የጤና ስጋትነቱ ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም ነው። የላሊበላ የገና ሥርዓት በዓሉ ሲደርስ በቴሌቪዥን መተላለፉ እንደቀጠለ ሲሆን፣ ሥርጭቱ በስፍራው ለሚገኘው ምዕመን ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም። በወረርሽኝ ጊዜ ግን ምትክ እንዲሆን ይጠየቃል። ያን ጊዜ የሥራው ስኬት የሚለካው በተላለፈው የአየር ሰዓት ብዛት ሳይሆን፣ ከከተማ ርቆ ያለው ነዋሪ በዓሉን ሳያጣ ጤናውን ጠብቆ በማሳለፉ ይሆናል።