የበቆሎ ክበብና የመማሪያ ክፍል

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጀመረው በ1998 ዓ.ም. ነበር። ጊዜው በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት በአገሪቱ የተስፋፋበት ስለ ነበረ፣ አሲድና ቤዝ ሲገናኙ የሚሆነውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው በፕላዝማው መስተዋት ላይ ነው። ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል በግቢያችን አልጠፋም፤ ነገር ግን ዕቃው እንዳይሰበር ሲባል ተቆልፎ ይኖር ነበር። በአንጻሩ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚሰበሰብ አንድ የሳይንስ ክበብ ነበረን። በዚያ ክበብ ከተጣለ ራዲዮ ሽቦ እየፈታን፣ በሚስማር ላይ እየጠቀለልን፣ በባትሪ ድንጋይ ማግኔት እንሠራ ነበር። ወደ ምሕንድስና የመራኝ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ለመናገር ብዙ ማሰብ አያስፈልገኝም።

ዛሬ የሙያ ባልደረቦቻችን የክበብ ሥራ በመደበኛው የትምህርት ክፍለ ጊዜ ውስጥ እንዴት ሊገባ እንደሚችል ምክር ሲጠየቁ ይሰማል። ሐሳቡ አዲስ ይምሰል እንጂ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ይልቁንም ታሪኩ በደንብ ሲታይ፣ እንዲህ ያለው ሥራ ከትምህርት ቤት ተወልዶ፣ ከትምህርት ቤት ወጥቶ፣ እንደገና ወደ ትምህርት ቤት የተመለሰ ሆኖ ይገኛል። መውጣቱና መመለሱ ምን እንዳስገኘና ምን እንዳጎደለ ለመረዳት፣ በአሜሪካ የገጠር ልጆች ክበብ የደረሰውን መመልከት ይጠቅማል።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ የገጠር ትምህርት ቤት ባብዛኛው ባለ አንድ ክፍል ቤት ነበር። አንድ መምህር ወይም አንዲት መምህርት ከትንሹ እስከ ትልቁ ያለውን ልጅ ሁሉ በአንድነት ታስተምራለች፤ መጽሐፉ ይነበባል፣ በቃል ይጠናል። በሌላ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1862 በወጣው ሕግ የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጆች ተቋቁመው፣ በ1887 ደግሞ የእርሻ ምርምር ጣቢያዎች ተጨምረው፣ ብዙ ዕውቀት ተከማችቶ ነበር። ችግሩ ዕውቀቱ ከኮሌጁ አጥር አለማለፉ ነው። አባቶች በዘር ምርጫቸውና በአስተራረሳቸው ጸንተው፣ የፕሮፌሰሮቹን ምክር በጥርጣሬ ይመለከቱት ነበር። መንገዱ በልጆቹ በኩል እንደ ሆነ ከተገነዘቡት መካከል የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪዎች ይገኙበታል።

ከነዚህ አንዱ በኦሃዮ ግዛት በክላርክ አውራጃ ተቆጣጣሪ የነበረው ሚስተር ግራሃም ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 1902 ዓ.ም. በስፕሪንግፊልድ ከተማ በፍርድ ቤቱ ሕንፃ ምድር ቤት ሠላሳ ያህል ወንዶችና ሴቶች ልጆችን ሰበሰበ። ለልጆቹ የሰጣቸው ሥራ ቀላል ነበር፤ የተመረጠ የበቆሎ ዘር መዝራት፣ አትክልትና አበባ ማልማት፣ የአባታቸውን ማሳ አፈር በሊትመስ ወረቀት መፈተሽ። ሰማያዊው ወረቀት በእርጥብ አፈር ላይ ሲቀላ አፈሩ አሲዳማ መሆኑ ይታወቃል፤ ይህን ያየ ልጅ ኖራ ለምን እንደሚያስፈልግ ለአባቱ ሊነግር ይችላል። (ዛሬ በጎጃምና በወለጋ የአፈር አሲዳማነት አርሶ አደሩን እጅግ በሚያስቸግርበት ጊዜ፣ ይህች ቁራጭ ወረቀት በስንት ትምህርት ቤቶቻችን ከመጽሐፍ ወጥታ መሬት ነክታለች ብዬ ራሴን መጠየቄ አልቀረም።)

በአዮዋ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1906 የፔጅ አውራጃ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ የሆነችው ወይዘሪት ጄሲ ፊልድ ነገሩን አንድ እርምጃ አራመደችው። እርሷ ክበቡን ከክፍሉ አጠገብ በማቆም ብቻ አልተወሰነችም፤ የክበቡን ሥራ ወደ ሒሳብ ትምህርቱ አስገባችው። ከእርሻ ሥራ የተውጣጣ የሒሳብ መልመጃ መጽሐፍም አዘጋጀች። በዚያ ዘመን በአካባቢው የተለመደውን የዘር ፍተሻ ብንወስድ፣ ከእያንዳንዱ የበቆሎ ራስ ስድስት ፍሬ ተወስዶ በእርጥበት ውስጥ ይቆያል፤ ከስድስቱ ስንቱ እንደ በቀለ ይቆጠራል። መቶኛ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለልጁ በሰሌዳ ላይ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የሚዘራውና የሚጣለው የበቆሎ ራስ የሚለየው በዚያው ቁጥር ነውና።

በደቡብ ግዛቶች ነገሩ የውድድር መልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1907 በሚሲሲፒ በሆምስ አውራጃ የትምህርት ተቆጣጣሪው ሚስተር ስሚዝ የበቆሎ ክበብ አቋቋመ፤ በሠርቶ ማሳያ እርሻ ስሙ የታወቀው ዶክተር ሲማን ናፕም ሐሳቡን ደግፎ በየግዛቱ እንዲስፋፋ አደረገ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ኤከር፣ ማለት ከግማሽ ሔክታር ጥቂት ያነሰ መሬት ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1910 ጄሪ ሙር የተባለ የሳውዝ ካሮላይና ልጅ ከአንድ ኤከር 228¾ ቡሽል በቆሎ አገባ። ይህ በእኛ መለኪያ 58 ኩንታል ያህል ነው፤ የዚያ ዘመን የአገሪቱ አማካይ ምርት ግን በኤከር ከ30 ቡሽል አያልፍም ነበር።

ቁጥሩ ያስደንቃል፤ እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን የሽልማቱ አሰጣጥ ነው። ከመቶ ነጥብ ለምርት ብዛት የሚሰጠው 30 ብቻ ነበር። ሌላ 30 ለትርፍ፣ 20 ለዐሥር ምርጥ የበቆሎ ራሶች፣ ቀሪው 20 ደግሞ ልጁ ስለ ሥራው በራሱ እጅ ለጻፈው ዘገባ ይሰጣል። እንግዲህ ማዳበሪያ ያለ ልክ አፍስሶ ብዙ ያመረተ ልጅ ወጪውን ሲጽፍ ይጋለጣል። ሥራውን ያልመዘገበም በምርቱ ብቻ አያሸንፍም። ለእኛ ሙያ ይህ እንግዳ አይደለም፤ የሥራ መዝገብ ያልያዘ መሐንዲስ ግንባታው ቢቆምለት እንኳ ለምን እንደ ቆመ ሊያስረዳ አይችልም።

ይህ ሁሉ ሲነገር ሊታለፍ የማይገባው፣ በደቡብ ግዛቶች ጥቁር ልጆች ከነዚህ ውድድሮች ተለይተው ለብቻቸው እንዲደራጁ መደረጋቸው ነው። የቱስኪጊ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1906 በሠረገላ የሚዞር የእርሻ ትምህርት ቤት አውጥቶ ወደ ጥቁር ገበሬዎች መንደር ልኮ ነበር፤ የክበባቱ በዘር መለያየት ግን እስከ 1960ዎቹ ዘልቋል።

የታሪኩ መታጠፊያ እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1914 ዓ.ም. የወጣው የስሚዝ ሌቨር ሕግ ነው። በዚህ ሕግ የፌዴራል መንግሥትና የእርሻ ኮሌጆች በየአውራጃው የኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንዲያሰማሩ ገንዘብ ተመደበ፤ የልጆች ክበብም በዚሁ ሥር ገባ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1917፣ የስሚዝ ሂዩዝ ሕግ ወጥቶ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን የሙያ ትምህርት የሚደግፍ ሌላ በጀት አቆመ። ሁለቱም በጎ ሕጎች ነበሩ። ይሁን እንጂ አንዱ የነበረው ነገር በሁለት መሥሪያ ቤት ተከፈለ። ክበቡ በእንግሊዝኛ በኤች ፊደል የሚጀምሩትን አራት ቃላት፣ ማለት ራስን፣ ልብን፣ እጅንና ጤናን መለያው አድርጎ ፎር ኤች ተባለ፤ በጎ ፈቃደኞች፣ የወላጆች ቤትና የአውራጃ ትርኢት የራሱ ሆኑለት። ክበቡ በውጭ ሲያብብ፣ የአንደኛ ደረጃው ተራ ክፍል ግን ወደ መጽሐፉ ተመለሰ። የወይዘሪት ፊልድ ሒሳብ ወራሽ ያጣው በዚህ ክፍፍል ይመስለኛል።

ወደ አገራችን የመጣውም ክፍፍሉ ካለቀ በኋላ ነው። በኦክላሆማ ኮሌጅ እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1952 የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም የአለማያ እርሻ ኮሌጅ ሲቋቋሙ፣ ማስተማር፣ መመራመርና ኤክስቴንሽን የሚሉት ሦስት ተግባራት አብረው መጡ። እ.ኤ.አ. በ1963 ኤክስቴንሽኑ ከኮሌጁ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። የገበሬው ጉዳይ በአንድ ሚኒስቴር፣ የልጁ ጉዳይ በሌላ ሚኒስቴር ሆነ ማለት ነው።

በአሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተሞች ሲሰፉ፣ ፎር ኤች መሬት የሌላቸውን ልጆች ለማግኘት ወደ ትምህርት ቤት በር ተመለሰ። ከሁሉ ይበልጥ የተለመደው ሥራ በክፍል ውስጥ ጫጩት ማስፈልፈል ነው። መፈልፈያ ሣጥኑ በክፍሉ ጥግ ይቀመጣል፤ ሙቀቱ ከ37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳይርቅ ይጠበቃል፤ እንቁላሉ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይገላበጣል፤ ከ18ኛው ቀን በኋላ አይነካም፤ በ21ኛው ቀን ይፈለፈላል። ክበብና ክፍል የሚጋጩትም እዚህ ላይ ነው። የክፍል ሰዓት በደወል ይቆረጣል፤ እንቁላሉ ግን ቅዳሜና እሑድ አያውቅም። ለዚህ ችግር ራሱ የሚያገላብጥ ማሽን ተሠርቷል። በመሐንዲስ ዓይን የሚመሰገን ዕቃ ነው፤ ነገር ግን እሑድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣውን ልጅ ከሥራው አሰናብቶታል። ዕቃው ሙሉ ሆኖ ከነመመሪያው ሲመጣ፣ ክፍሉ ጫጩት ያገኛል፤ ኃላፊነቱን የያዘ ልጅ ግን ላይኖር ይችላል። የበቆሎው ልጅ ግን ለአንድ ኤከሩ ከዘር እስከ አጨዳ የሚጠየቅ እርሱ ብቻ ነበር።

ባለፈው ዓመት ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የስድስተኛ ክፍል ልጆች መፈልፈያ ሣጥን እንዲሠሩ ረድተን ነበር። ማገላበጫ ሞተር መግጠም ስንችል ሆን ብለን ተውነው። ሣጥኑ ከኮምፔንሳቶ፣ ሙቀቱ ከሁለት አምፖል ነበር። መምህርቷ የሳይንሱን ክፍለ ጊዜ ለቴርሞሜትሩ ንባብ፣ የሒሳቡን ደግሞ ለግራፉ ሰጠችልን። በዘጠነኛው ቀን ሌሊት መብራት ጠፋ፤ የግቢው ጥበቃ ሣጥኑን በጋቢያቸው ሸፍነው አደሩ። ከ24 እንቁላል 11 ተፈለፈለ። ልጆቹ የያዙት መዝገብ አሁን በእጄ አለ። የቅዳሜና የእሑድ መስመሮች በሦስት ልጆች ስም ተሞልተዋል፤ በዘጠነኛው ቀን ትይዩ ግን የጥበቃው ጽሑፍ አለበት፤ «ከሌሊቱ 7 ሰዓት መብራት ሄደ፣ 11 ሰዓት ተኩል መጣ፣ እንቁላሉን አልነካሁም።» ልጆቹ በግራፋቸው ላይ ቁልቁል የወረደውን መስመር በዚሁ ጽሑፍ አስረድተዋል። በሚቀጥለው ዓመት ሣጥኑን በሁለት ንብር ግድግዳ ለመሥራት፣ በመካከሉም ጭድ ለመጠቅጠቅ አስበዋል።