ግሽ ሌላ፣ ግዮን ሌላ

ስለ ዓባይ ምንጭ የሚያስጎበኝም ሆነ የሚጽፍ ሰው ከሁለት አንዱን ሳይል አያልፍም። አንዱ «ግሽ ማለት ግዮን የሚለው ስም ሲያጥር ነው» ይላል። ሌላው አቡነ ዘርዐ ብሩክን ይጠቅሳል፤ ጻድቁ ለእስር ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጡ፣ ተፈትተው ሲመለሱ ወንዙ ውኃ ሳያስነካ እንደ ግሳት ከሆዱ አወጣላቸው፣ ቦታውም ከዚያ ወዲህ ግሽ ተባለ ይላል። ሁለተኛውን በአክብሮት እመለስበታለሁ። የመጀመሪያው ግን አክብሮት የሚገባው አይደለም፤ ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር በየአፉ ሲደጋገም ስሰማው ዝም ማለት አልሆንልህ ብሎኛል።

ግዮን የመጽሐፍ ስም ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ላይ ከዔደን ከሚወጣው ውኃ የተከፈሉት ወንዞች አራት ናቸው፤ ሁለተኛው ግዮን ነው፤ የሚከብበውም የኢትዮጵያን ምድር ነው። ዕብራይስጡ ኩሽ ያለውን ግሪኩ ኢትዮጵያ ብሎታል። ሌላም ግዮን አለ። ከኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማ በታች፣ በቄድሮን ሸለቆ ጥግ የሚፈልቅ ምንጭ ነው፤ ሰሎሞን ተቀብቶ የነገሠው እዚያ ነው። ንጉሥ ሕዝቅያስም ዐለት አስፈልፍሎ ውኃውን ወደ ሰሊሆም መጠመቂያ አስገብቶታል፤ ዋሻው ግማሽ ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል፤ ዛሬም ጎብኚ ውኃው ውስጥ እየተራመደ ያልፍበታል። አንዱ ዓለምን የሚያካልል ወንዝ፣ ሌላው ከተማ ሥር ያለ ምንጭ፤ ስማቸው ግን አንድ ነው፤ ምክንያቱም በዕብራይስጥ ቃሉ ገንፍሎ ከሚወጣ ውኃ ጋር የተያያዘ ነው።

አሁን ፊደሉን እንይ፤ ነገሩ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። የዕብራይስጡ ስም መካከሉ ላይ ሐ አለበት፤ ጊሖን ነው የሚባለው። ግሪኮች ለሐ የሚሆን ፊደል የላቸውም፤ ሰባ ሊቃናት ኦሪትን ወደ ግሪክ ሲመልሱ ስሙ ጌኦን ሆኖ ቀረ። የእኛ አባቶች ደግሞ ብሉይን ወደ ግዕዝ የመለሱት ከግሪኩ ነው። ግዕዝ ሀሌታውን ሀ፣ ሐመሩን ሐ፣ ብዙኃኑን ኀ ለይቶ የሚጽፍ ቋንቋ ነውና ስሙን ከዕብራይስጥ በቀጥታ ተቀብሎት ቢሆን ሐመሩን ሐ የሚጥልበት ምክንያት አልነበረውም። ዐረቦች ጀይሑን ሲሉ አልጣሏትም። ግዮን የምንለው ስም ሐ የሌለው በግሪክ በኩል በብራና ስለመጣ ነው። የዓባይ ምንጭ ባለበት በሰከላ ተራራ ላይ የተወለደ ስም አይደለም።

ታዲያ ዓባይን ግዮን ያለው ማነው? ሰከላን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች ናቸው። በኤርምያስ ምዕራፍ 2 ነቢዩ በግብፅ መንገድ ሄዶ የሚጠጣ ውኃን ያነሣል፤ ዕብራይስጡ ሺሖር ያለውን ግሪኩ ግዮን ብሎ መልሶታል። ያ ውኃ ዓባይ ነው። ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን እያልን ስሙን ከሌላ ጋር የምናደባልቀው አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪዩስ ዮሴፍም በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግዮን በግብፅ የሚፈስሰው፣ ግሪኮች ኒል የሚሉት ወንዝ ነው ብሎ ጽፏል። ከእርሱ የሚቀድመው ደግሞ እጃችን ላይ ያለው መጽሐፍ ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ መጀመሪያ በዕብራይስጥ ቢጻፍም ዛሬ ሙሉው የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ምዕራፍ 8 ላይ ኖኅ ምድርን ለሦስቱ ልጆቹ ሲያከፋፍል የግዮንን ወንዝ ድንበር ያደርገዋል፤ ወዲህ ለሴም፣ ከግዮን ማዶ ወደ ደቡብ ለካም። አዲስ አበባ ተቀምጦ «ግዮን ዓባይ ነው ያልነው እኛ ነን» የሚል ምሁር ኩፋሌን ገልጦ ቢያይ ይበጀዋል። ሐሳቡ ተሠርቶ ነው የደረሰን፤ እኛ የጨመርንበት ቅኔውንና ፍቅሩን ነው።

ስሙ ወደ እኛ ብቻም አልመጣም። የመካከለኛው ዘመን የዐረብና የፋርስ የጂኦግራፊ ጸሐፊዎች ጀይሑን ያሉት በአፍጋኒስታን ድንበር የሚወርደውን፣ ዛሬ አሙ ዳሪያ የሚባለውን ወንዝ ነው። በደቡብ ቱርክ፣ አዳና አጠገብ ጄይሃን የሚባል ወንዝ አለ፤ በስሙ የተጠራችው ከተማ ከባኩ ተነሥቶ በትብሊሲ በኩል የሚመጣው የነዳጅ ቧንቧ ማብቂያ ናት። እኛም ዘንድ ስሙ ከወንዙ ወርዶ ከተማ ገብቷል። ወሊሶ በንጉሡ ዘመን ግዮን ተብላ ነበር። አዲስ አበባ ግዮን ሆቴል አለ። ግዮን የምትባል ልጅም አትጠፋም። ከእነዚህ አንዳቸውም ግሽ አልተባሉም። ግሽ የግዮን ማሳጠሪያ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ሁሉ ግዮን አንዱ እንኳ በአፍ ሲደጋገም ግሽ ወደሚለው ሸተት ባለ ነበር።

ግሽስ? ከደብረ ማርቆስ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አልፎ ከቲሊሊ ወደ ሰከላ የሚታጠፍ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ውኃ አይደለም፤ ተራራ ነው። ምንጩ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከተራራው ግርጌ ረግረጉ ውስጥ ነው። ጠበል የሚቀዳው እህል ያልቀመሰ ሰው ነው፤ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፎ ይውላል። እዚያው ሰልፉ ላይ ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ፣ ዕድሜያቸውን በጣልያን ወረራ የሚቆጥሩ፣ «ግሽ ማለት ምንድነው አባቴ?» ስላቸው በብትራቸው ያሳዩኝ ወደ ላይ ነው። ተራራው ግሽ ነው አሉ፤ ውኃው ዓባይ ነው፤ ግዮን የሚሉት ቄሶቹ ናቸው። ከዚህ የጠራ ትንታኔ በየትኛውም መጽሔት አላነበብኩም።

የሽማግሌውን ቃል የሚደግፍ ጽሑፍም አለ። ስፔናዊው ጴድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1618 ምንጩን አይቷል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1770 ደርሶ፣ የፓኤዝን መቅደም ላለማመን የማይለው ነገር ሳይኖር፣ በኮኮናት ቅርፊት ጽዋ ውኃውን ቀድቶ ለእንግሊዙ ንጉሥ ጤንነት ጠጥቷል። ትዕቢቱን ትተን ያየውን እንውሰድ። ግሽ ያለው ተራራውንና መንደሩን ነው። ነዋሪዎቹ አገዎች ነበሩ፤ ለምንጩ ጥቁር ጊደር ይሠዉ ነበር፤ የምንጩ አገልጋይ ሽማግሌ መጠሪያ ክፍለ ዓባይ ነበር። የአገው አገር፣ የአገው ተራራ። ስሙንም እዚያው መፈለግ ነው የሚሻለው እንጂ በግዕዝ ግሥ ማሳደድ ምን ያደርጋል?

የአቡነ ዘርዐ ብሩክን ተአምር አልነካም፤ ጥር 13 በግሽ ዓባይ በዓላቸው ሲከበር ያየ ሰው አይነካውም። ነገር ግን ግሽ የሚመስል ስም የሰከላ ብቻ አይደለም። በወሎ አምባሰል ግሸን አለች፤ በሰሜን ሸዋ ግሼ የሚባል ደጋ አለ። ሁለቱም ከፍታ ናቸው፣ ሁለቱም ጋ መጻሕፍት ያገሳ ወንዝ የለም። ሦስቱ ስሞች ዘመዳሞች ይሁኑ አይሁኑ የአገውኛ ሊቃውንት ይፍቱት፤ እኔ ግን ተአምሩ ስሙን ቀድሞት አገኘው እንጂ አልወለደውም ባይ ነኝ። «አባይ ማለት ውሸታም ነው፣ ውኃውን ለባዕድ ይሰጣልና» ለሚለው ጨዋታ ደግሞ በዓይኑ ዐ የሚጻፈውን ዐባይ ማየት ይበቃል፤ ታላቅ ማለት ነው፣ አለቀ።

ስለዚህ በሰከላ መንገድ ዳር ሰሌዳ የምታቆሙ፣ ለጎብኚ በራሪ ወረቀት የምታሳትሙ ሁሉ፣ ተራራውን ግሽ፣ ወንዙን ዓባይ ብላችሁ ጻፉ። ግዮንን ከመጽሐፉ ጋር ጥቀሱት፤ «ግሽ የግዮን ምኅጻር» የሚለውን መሥመር ግን ሰርዙት።