የኢንተርኔት ማሰሻዎች ድርሻ እንዴት ይለካል? ማንንስ ሳይቆጥር ይቀራል?

የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም በምትገኝበት በጋይንት፣ እንዲሁም በስማዳና በእስቴ የሚኖር ተማሪ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን በድረ ገጽ ለማየት ሲሻ በቅድሚያ በስልኩ ላይ ማሰሻ ወይም ብሮውዘር ይከፍታል። ማሰሻ ድረ ገጾችን ፈልጎ በማምጣት ለንባብ የሚያቀርብ መተግበሪያ ነው። ክሮም፣ ሳፋሪ፣ ፋየርፎክስና ኦፔራ ሚኒ ከሚታወቁት መካከል ናቸው።

ልኬቱ እንዴት ይከናወናል?

ማሰሻው ገጽ ሲጠይቅ ማንነቱን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ለድረ ገጹ ይልካል። መቀመጫውን አየርላንድ ያደረገው ስታትካውንተር የመቁጠሪያ ኮዱ በተጫነባቸው ድረ ገጾች ላይ ስንት ገጽ በየትኛው ማሰሻ እንደተከፈተ ይደምራል። ኔት አፕሊኬሽንስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ግን የሚቆጥረው ጎብኚዎችን ነበር፤ ውጤቱንም በየሀገሩ ባለው የኢንተርኔት ተጠቃሚ ብዛት ያመዛዝን ነበር።

የአቆጣጠሩ ልዩነት ቀላል አይደለም። ለአብነት በአዲስ አበባ ቢሮ የተቀመጠ ሠራተኛ በቀን 50 ገጽ፣ በንፋስ መውጫ የሚኖር ተማሪ ደግሞ አንድ ገጽ ብቻ ቢከፍቱ፣ በጎብኚ ቆጠራ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ በገጽ ቆጠራ ግን የሠራተኛው ማሰሻ 50 እጥፍ ይመዝናል። በግንቦት 2004 ዓ.ም ስታትካውንተር ክሮም ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን መብለጡን ሲያሳይ፣ በኔት አፕሊኬሽንስ ልኬት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር አሁንም ከግማሽ በላይ ድርሻ ይዞ ነበር።

ቁጥሩ ለምን ይጠቅማል?

በስታትካውንተር ልኬት ክሮም በዓለም ላይ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋውን ድርሻ ይዟል። በዚህ ምክንያት በርካታ ባለሙያዎች የሠሩትን ድረ ገጽ የሚፈትሹት በክሮም ብቻ ነው። ኦፔራ ሚኒ ግን ገጹን በራሱ አገልጋይ ኮምፒውተር አሳንሶ ወደ ስልኩ ስለሚልክ የዳታ ወጪን በእጅጉ ይቆጥባል። ጥቅል በሜጋባይት ለሚገዛና መረቡ ደካማ በሆነበት ስፍራ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የሚከፈቱ ውስብስብ ቅጾች አንዳንድ ጊዜ አይሠሩም። ውጤት መመልከቻውም ሆነ የአገልግሎት ማመልከቻው በክሮም ብቻ ከተፈተሸ፣ የሚቸገረው አቅሙ ዝቅተኛ የሆነው ተጠቃሚ ነው።

ያልተቆጠሩት

ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ለብቻው ይሰጠው በነበረው አገልግሎት ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም ሁለተኛ ኦፕሬተር ሆኖ ተቀላቅሏል። ይሁንና በ2016 ዓ.ም አጋማሽ በወጣው የዳታሪፖርታል ግምት መሠረት የኢንተርኔት ተጠቃሚው ከሀገሪቱ ሕዝብ 19 ነጥብ 4 በመቶ ነበር። የስልክ ዋጋ፣ የኤሌክትሪክ አቅርቦት፣ የኔትወርክ ማማዎች ርቀትና የዳታ ታሪፍ በተደራሽነት ክርክሩ ውስጥ ዘወትር የሚነሱ ጉዳዮች ናቸው።

የማሰሻ ድርሻ ከተገናኙት መካከል የሚወሰድ መቶኛ እንጂ የሕዝብ ቆጠራ አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ የክልሉ ተጠቃሚዎች አብዛኞቹ ከልኬቱ ውጭ ሆነዋል። የኢትዮጵያ የማሰሻዎች ድርሻ ግን ያን ጊዜም ሲደመር 100 በመቶ ይመጣ ነበር፤ የጎደለውን የሚያመለክት ክፍተት በሰንጠረዡ ላይ አይታይም።

ስለዚህ አገልግሎታቸውን በድረ ገጽ የሚሰጡ ተቋማት የዓለምን አማካይ ከማየት ባሻገር የራሳቸውን ጎብኚዎች መዝገብ መመርመር፣ ገጻቸውን በቀላል ማሰሻዎችና በዝቅተኛ ፍጥነት መፈተሽ ይኖርባቸዋል። መረብ ላልደረሰው ደግሞ አጭር የጽሑፍ መልእክትን የመሰለ አማራጭ ማቆየት ያስፈልጋል። በሰንጠረዡ ላይ የማይታየው ተማሪም ውጤቱን የሚጠብቅ ነውና።